አርባ አንደኛውን ማን ገጨው?

ማስታወቂያ።

ለጉለሌ ነዋሪዎች በሙሉ፣ ከአዲሱ ገበያ ዊንጌት ለምትመላለሱ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ እንዲሁም ጉዳዩ ፈጽሞ ለማይመለከታችሁ ወገኖች፦ የተጎዳ የመኪና አካል በሚያቃኑት በባትላሜራው በአቶ ዱጉማ ጋራዥ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመታት ማንም ሳይቀመጥባት የኖረችው አረንጓዴ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከግንቦት ስድስት ቀን ጀምሮ ለሳይንሳዊ ምርምር አገልግሎት ክፍት መሆኗን ስንገልጽ ታላቅ ክብር ይሰማናል። ከወንበሯ አራት እግሮች አንደኛው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ ሲሆን፣ ይህ በምርምሩ ውጤት ላይ ያስከተለው ተጽዕኖ ገና በመጣራት ላይ ይገኛል።

ነገሩን የማያውቅ ሰው «ወንበር አይደለች እንዴ፣ ምን ይደንቃል?» ይል ይሆናል። ጋሽ ዱጉማ ደንበኛ አያስቀምጡም። የኢንሹራንስ ሠራተኛ ቆሞ ነው የሚያናግራቸው፤ የትራፊክ ፖሊስም ቆሞ ነው። አንድ ጊዜ ከቁስቋም ማርያም የመጡ መሪጌታ ጉልበታቸውን እያሹ ወንበሯን አሥሬ ቢያዩዋት፣ ጋሽ ዱጉማ ወጥተው ከጎረቤት በርጩማ ተውሰው አመጡላቸው እንጂ እሷን አልሰጧቸውም። ምክንያቱን ለሚጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነው፦ «የተቀመጠ ሰው ጥያቄ ያበዛል።»

እኔ ናዝሬት እባላለሁ። ወንበሯ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጥያቄም አበዛሁ።

የኔ ነገር እንዲህ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን የምሠራው በጋላክሲ ላይ ነው፤ ከጋላክሲም በኢንፍራሬድ ደምቀው በሚታዩት ላይ። እነዚህ በተራ ዓይን ደብዘዝ ያሉ፣ ሙቀት በሚያይ ካሜራ ሲታዩ ግን እንደ ከሰል ምድጃ የሚግሉ ናቸው። አቧራቸው ብዙ ነው፤ አቧራው የአዳዲስ ከዋክብትን ብርሃን ይውጥና በሙቀት መልክ ይተፋዋል። ይህን ለእናቴ ባስረዳት «አቧራና ሙቀት ከሆነማ እኛ ሰፈር አይበቃሽም ነበር?» አለችኝ።

ቅርጻቸው ጤነኛ አይደለም። አንዱ ጅራት አለው፤ አንዱ ሁለት እምብርት አለው፤ አንዱ መሃሉ ተበስቶ ቀለበት ሆኗል፤ አንዱ ደግሞ ከታክሲ ሲወርድ ነጠላው በር እንደያዘበት ሰው ተጎትቶ ቀርቷል። ሊቃውንቱ አብዛኞቹ ሁለት ጋላክሲዎች ተጋጭተው የወጡ ናቸው ይላሉ። የኔ ሥራ መቶ ሃያ ፎቶዎችን አንድ በአንድ አይቼ ከአምስት መደቦች በአንዱ ማስገባት ነበር፦ ያልተነካ፣ የተቃረበ፣ ባለጅራት፣ ባለሁለት እምብርት፣ ቀልጦ አንድ የሆነ።

ከነዚህ ውስጥ ቁጥር አርባ አንድ ዓይኔ ነው። ከሁሉም በላይ ይግላል፤ ቅርጹ ግን እንደ ዳቦ ክብ ነው። ክንዶቹ በሥርዓት ተጠቅልለዋል። ጅራት የለው፣ ጎረቤት የለው፣ አንዲት ጭረት የለው። «ሳይጋጭም የሚግል አለ» የሚለው የቴሲሴ ዋና ዐረፍተ ነገር የቆመው በሱ ትከሻ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ዐረፍተ ነገር የለኝም። ሰማንያ ስድስት ገጽ አለኝ፤ ዐረፍተ ነገር ግን አንድ ነው።

ዓይን ደግሞ ያታልላል። ስለዚህ ሕግ አለ፦ ሌላ ሰው የኔን መልስ ሳያይ ያንኑ መቶ ሃያ ፎቶ መመደብ አለበት። ሁለተኛ ዓይን ይባላል። የኔ ሁለተኛ ዓይን የክፍል ጓደኛዬ ቶማስ ነበር። ቶማስ ባንክ ተቀጠረና ፎቶዎቹን በሦስተኛው ወር መለሰልኝ። በመቶ ሃያዎቹም ላይ «ሊሆን ይችላል» ብሎ ጽፎባቸው ነበር።

አማካሪዬ ዶክተር ያዕቆብ ይህን ሲያይ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ መልሶ አድርጎም አየው። ያው ነው።

«ናዝሬት፣ ሁለት ጊዜ አራዝመሻል» አለኝ። «ሦስተኛ የለም። ሰኔ ሁለት ዲፌንስ ካላደረግሽ ስምሽ ከመዝገብ ይሰረዛል። ሌላ ሁለተኛ ዓይን ፈልጊ።»

«ከየት ላምጣ ዶክተር? ስለ ጋላክሲ የሚያውቅ ሰው...»

«የሚያውቅ አላልኩም! የሚያውቅማ ያወቀውን ነው የሚያየው። የሚያይ ሰው ነው ያልኩሽ።»

ይቺን ንግግሩን በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሼዋለሁ። እሱ ግን እንዳላስታውሰው ለምኖኛል።

አሪፋ የዊንጌት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት። አዲሱ ገበያ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ ከጋሽ ዱጉማ ጋራዥ ጋር አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ይጋራሉ። የማሽኗ ሰማያዊ ቀለም ካለቀ ዓመት ስላለፈው፣ ጋላክሲዎቼ ሁሉ በርበሬ የተነሰነሰባቸው መስለው ወጡ። እነሱን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ስደረድር ጋሽ ዱጉማ የአንድ ደንበኛ ሊብሬ ኮፒ ሊያስደርጉ ገቡ። ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይለያቸው ሰው ናቸው። አሪፋ ማሽኑን እስክታሞቅ አንዱን ፎቶ አነሡ፤ አሥራ ሰባት ቁጥርን።

«ይሄ ከጎኑ ነው የተመታው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ጋሼ፣ መኪና አይደለም እኮ» አለች አሪፋ።

«መኪና ነው አልኩሽ?» በጥቁር ጥፍራቸው የፎቶውን ጥግ ነኩ። «የመታው ይኸውልሽ። አልቆመም። መትቶ ሲሮጥ ነው።»

ጥፍራቸው ያረፈባትን ነጥብ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የካሜራ ጉድፍ ናት ብዬ ነው የኖርኩት። ቤቴ ገብቼ ካታሎግ ሳገላብጥ ጉድፍ አይደለችም። ጋላክሲ ናት፤ ርቀቷም ከአሥራ ሰባት ቁጥር ጋር አንድ ነው። ገጭታ ያመለጠች።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ስለ ጋሽ ዱጉማ የማላውቀውን በማግሥቱ አሪፋ ነገረችኝ። በዚያ አካባቢ ሁለት መኪና ተጋጭቶ «አንተ ነህ የመጣህብኝ»፣ «አንተ ነህ» ሲባባሉ፣ ትራፊኩ የአደጋውን ፕላን አንሥቶ ከሄደ በኋላ ሁለቱም መኪናቸውን እየጎተቱ ወደሳቸው ይመጣሉ። ጋሽ ዱጉማ አንዴ ይዞሩና «ነጩ ፍሬን አልያዘም» ብለው ወደ መዶሻቸው ይመለሳሉ። እንዴት አወቁ? አይናገሩም። የሚገርመው ጠቡ እዚያው ያልቃል። ምክንያቱ የተነገረ ፍርድ መልስ ይሰጥበታል፤ ምክንያቱ ያልተነገረውን ግን ከየት ጀምረው ይከራከሩታል?

ሄጄ ለመንኳቸው። ስሜ ሊሰረዝ መሆኑን፣ ሥራው ሦስት ቀን እንደሚፈጅ፣ ማየት ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። ቆመው ሰሙኝ። ከዚያ ጋራዡ ጥግ ሄደው ያቺን አረንጓዴ ወንበር በጨርቅ ወልውለው አመጡልኝ። አሪፋ ይህን ከግድግዳው ቀዳዳ ስታይ ፍላሽ ከእጇ ወደቀ።

«ሦስት ቀን ነው ያልሽው» አሉኝ። «ሦስት ቀን ዝም ማለት ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

ጋሽ ዱጉማ ፎቶ እንደሰው አያዩም። ወረቀቱን ጋደም አድርገው ከዓይናቸው ጋር ያስተካክሉታል፤ የተቀባ በር ወልገድ ማለቱን ከብርሃን እንደሚያጣሩት ማለት ነው። አምስቱን መደቦች ነገርኳቸው፤ ተቀበሉና ስማቸውን ለወጡ። ያልተነካው «ያልተነካ» ሆኖ ቀረ። የተቃረበው «ሊመጣ ያለ» ተባለ። ባለጅራቱ «ጎትቶት የሄደ»፣ ባለሁለት እምብርቱ «ተጣብቀው የቀሩ» ሆኑ። አምስተኛው፣ ቀልጦ አንድ የሆነው፣ «ቆርጦ ቀጥል» ተባለ።

ቆርጦ ቀጥል ለማያውቅ፦ ከፊት የተደቆሰ አንድ መኪናና ከኋላ የተደቆሰ አንድ መኪና ይገዛል። ሁለቱም መሃል ለመሃል ይቆረጣሉ። ደህና ደህናው ግማሽ ይበየድና፣ በስቱኮ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አንድ ንጹሕ መኪና ሆኖ ይሸጣል። ሊብሬው አንድ፣ ታርጋው አንድ፣ ነፍሱ ሁለት።

በሦስቱ ቀን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይሄ ቀዩ ምንድነው?»

«ሙቀት ነው ጋሽ ዱጉማ።»

«ሁሉም ትኩስ ናቸው?»

«ሁሉም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኮፈኑ የሚፋጅ መኪና ‹ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ቆሜያለሁ› ቢልሽ ታምኚዋለሽ?»

ከሁለተኛ ዓይን ጋር አይወራም። ሐሳቤ ግን ወደ አርባ አንድ ሄደ።

አርባ አንድ የደረሰው በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ወረቀቶቹን በውዤ ነበር የሰጠኋቸው። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጋሽ ዱጉማ ፎቶውን አጋደሙት። ገለበጡት። ከዚያ ጀርባውን አዙረው ምንም ያልታተመበትን ነጩን ወረቀት ረጅም ጊዜ አዩት። እኔም አብሬ አየሁት። ነጭ ነው። በመጨረሻ ወረቀቱን አምስተኛው ክምር ላይ ጣል አደረጉት።

«ቆርጦ ቀጥል።»

ሦስት ቀን የያዝኩት አፌ ተከፈተ። «ጋሽ ዱጉማ... እ... ማለቴ፣ ይሄኛውን ልብ ብለው አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ክብ ነው እኮ! ንጹሕ ነው!»

«ንጽሕናውማ!» አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው። «ጎበዝ ነው የሠራው።»

«ማን?»

«እኔ ምን አውቄ? የናንተ ዕቃ አይደል?»

«እሺ መጋጠሚያው የቱ ጋ ነው?»

መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ የተቀመጥኩባትን ወንበር አዩ። «አየሽ» አሉ፣ «ለዚህ ነው ሰው የማላስቀምጠው።»

ውጤቱን ለዶክተር ያዕቆብ ወሰድኩ። ከመቶ ሃያው መቶ አሥራ አራቱ ላይ ከጋሽ ዱጉማ ጋር ተስማምተናል። ከቀሩት ስድስት አምስቱን መልሼ ሳያቸው እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ስድስተኛው አርባ አንድ ነው።

«መቶ አሥራ አራት?» አለ ዶክተሩ። «ሰው ከሰው ጋር እንዲህ አይስማማም። እኔና ባለቤቴ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል አልደረስንም። ይህ ሰው ማነው?»

«በግጭት ላይ ሰፊ ልምድ ያላቸው ባለሙያ ናቸው።»

«የት ነው የሚሠሩት?»

«አዲሱ ገበያ።»

ጥቂት አሰበ። «የግል ተቋም ነው?»

«አዎ፣ የግል ነው።»

እውነቱን ለማውጣት ሌላ ሦስት ጥያቄ አልፈጀበትም። ያልጮኸው አርባ አንድን ስላየ ይመስለኛል። ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረ። ውጭ አገር ያለ ወዳጁ በትልቅ ቴሌስኮፕ ለረጅም ሰዓት ያነሣውን አዲስ የአርባ አንድ ፎቶ በዚያው ሰሞን ልኮለት ነበር። ከክቡ ወጣ ብሎ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነ፣ እጅግ የደከመ ቅስት ይታያል። ከግጭት የተረፈ የከዋክብት ፍርፋሪ ሊሆን ይችላል። የካሜራው መስታወት ነጸብራቅም ሊሆን ይችላል።

«የቱ ነው ዶክተር?»

«እኔ እንጃ» አለ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ከአፉ «እኔ እንጃ» ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ወንበሬን ያዝኩ።

«ስሚ» አለኝ። «ይህ ነገር ሁለት ከሆነ ቴሲስ የለሽም። ሁለት ካልሆነ ሁለተኛ ዓይንሽ ስቷል፤ ግን መቶ አሥራ ዘጠኙ ላይ ያልሳተ ሰው እዚህ ላይ ለምን እንደሳተ ፈታኙ ይጠይቃል። ወይ ሰውየው ይመለስበት፣ ወይ እንዴት እንዳወቀ ያስረዳሽ።»

ተመልሼ ወደ ጋራዡ ወረድኩ። ጋሽ ዱጉማ አንድ ፓራፋንጎ፣ የጎማ ሽፋን ቆርቆሮ፣ ላይ አጎንብሰው ነበር። የዶክተሩን ቃል ነገርኳቸው። መዶሻውን አስቀምጠው እጃቸውን በቤንዚን ታጠቡ፤ ነገሩ ከብዷቸዋል።

«ተመለስኩበት ብዬ ልዋሽልሽ?» አሉኝ።

እዚህ ጋ «በጭራሽ!» አልኩ ብል ደስ ባለኝ። እውነቱን ለመናገር ግን መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ሰው አንድ መኪና አጥቦ የሚጨርስበትን ያህል ጊዜ ቆጠርኩ። ሰማንያ ስድስት ገጽ፣ ሁለት ዓመት፣ ሰኔ ሁለት። ከዚያ «አይ፣ አይዋሹ» አልኩ።

«ጎሽ።»

«እንግዲያው ያስረዱኝ።»

«እሱን አልችልም።»

እንባዬ መጣ። አሪፋ በግድግዳው በኩል ሰምታ ኖሮ እጄን ይዛ ወደ ሱቋ አስገባችኝና ማሽኑ ጀርባ አስቀመጠችኝ።

«አትፍረጂባቸው» አለችኝ። «ዱሮ ያስረዱ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ደብተር የያዘ ሰውዬ መጥቶ ‹ቆርጦ ቀጥልን እንዴት ነው የሚለዩት? ለሕዝብ ጥቅም ነው› አላቸው። ጋሼ ደግሞ የዋህ ናቸው፤ የሚለዩባቸውን ሦስት ምልክቶች ቁጭ አድርገው ነገሩት። በዚያች ወንበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አሳተመዋ። እዚሁ ነው ያባዛሁለት፤ ሁለት መቶ ኮፒ።» አንገቷን ደፋች። «በሁለት ወር ውስጥ የከተማው በያጅ ሁሉ አንብቦታል። ሦስቱም ምልክት ከመኪና ላይ ጠፋ። ሁሉም መኪና ንጹሕ ሆነ! አንድ አባወራ መኪና ሊገዛ አምጥቶ አሳያቸው፤ ሦስቱንም ፈለጉ፣ የለም። ‹ንጹሕ ነው፣ ግዛው› አሉት። እንጦጦ መታጠፊያው ላይ ለሁለት ተከፈለ። ሰውየው ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ። ጋሼ ግን ሁለት ዓመት መዶሻ አልነኩም። አሁን አራተኛ ምልክት አግኝተዋል ይባላል። ለሚስታቸውም አልነገሩ።»

ተነሥቼ ሮጥኩ። መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

«ጋሽ ዱጉማ! በያጆቹ ሰምተው ደበቁ፤ እሺ። ጋላክሲ ግን አይሰማም! አያነብም! ቢያስረዱኝ የሚደብቅ የለም እኮ!»

እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱ፤ አሰቡበት። ከልባቸው ነው ያሰቡበት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ!»

«አርባ አንደኛውን ግን ሁለት ዓመት አይተሽ ንጹሕ ነው አልሽ።»

«አዎ...»

«እንግዲህ አንድ የደበቀ አለ ማለት ነው።»

ለዚህ የሚሆን መልስ በሳይንስ ውስጥ እንዳለ እርግጠኛ ነበርኩ፤ እስካሁንም እርግጠኛ ነኝ። እዚያ ቆሜ ግን አላገኘሁትም።

ያን ማታ የዶክተር ያዕቆብን የአመዳደብ መመሪያ ሳገላብጥ፣ ራሱ በጻፈው ገጽ አሥራ አራት ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ሁለተኛው ዓይን ምክንያቱን ለመጀመሪያው ዓይን ካስረዳ ነጻነቱን ያጣል፤ ውጤቱም ውድቅ ይሆናል።» ጠዋት ደውዬ አነበብኩለት። ጋሽ ዱጉማ ካላስረዱኝ ውድቅ ነኝ፤ ካስረዱኝም ውድቅ ነኝ።

«ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ?» አለ። ከዚያ መላ መታ፦ ለኔ ሳይሆን ለውጭ ፈታኙ ለፕሮፌሰር እንድርያስ ያስረዱ። ፈታኙ ካመነ እፈተናለሁ፤ ካላመነ እሰረዛለሁ። ጋሽ ዱጉማን እንዲመጡ ጠየቅኳቸው። ጋራዥ ዘግተው የትም እንደማይሄዱ ነገሩኝ። ስለዚህ ግንቦት ሃያ ዘጠኝ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ምሁራን አዲሱ ገበያ ወረዱ።

ፕሮፌሰር እንድርያስ አጭር፣ ክራባቱ የማይዛነፍ፣ ቀልድ ሲሰማ ምንጩን የሚጠይቅ ሰው ነው። ዓምና በገዛት ብርማ የቤት አውቶሞቢል መጣ። ከጭቃው ላይ በጥንቃቄ አሳልፎ ጋራዡ በር ላይ አቆማት፤ ወርዶም መስታወቷን በክርኑ ጠረገ። ጋሽ ዱጉማ ከሚቀጠቅጡት በር ላይ ቀና ብለው መኪናዋን አንዴ አዩ። ወደ መዶሻቸው ተመለሱ።

ፕሮፌሰሩ ገባ። ዙሪያውን አየ። ማንም ሳይጋብዘው አረንጓዴዋ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ተቀመጠ!» አለች አሪፋ በግድግዳው ቀዳዳ።

«አቶ ዱጉማ» አለ ፕሮፌሰሩ፣ በሽቦ የታሰረው የወንበሯ እግር ከሥሩ እየተወዛወዘ። «ይህ ጋላክሲ ሁለት ነው ብለዋል። መስፈርትዎ ምንድን ነው?»

«አይቼ።»

«ምን አይተው?»

«ሁለት።»

ዶክተር ያዕቆብ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሳይንስ ውስጥ አንድ አባባል መፈተን መቻል አለበት። መፈተኛ የሌለው አባባል አባባል አይደለም። የዚህች ልጅ ዕጣ በርስዎ ቃል ላይ ነው ያለው፤ ቃልዎ ደግሞ በምን ይፈተናል?»

ጋሽ ዱጉማ እኔን አዩኝ። በዚያች ቅጽበት ካየሁት ሁሉ ያላደናገረኝ ይህ አስተያየት ብቻ ነው፤ አዝነውልኛል። መዶሻውን አስቀመጡ። ጋሽ ዱጉማ ከሰባ ዓመት በታች ላለ ሰው «አንቱ» ብለው አያውቁም።

«በመኪናህ ይፈተናል» አሉ።

«መኪናዬ ምን ሆነች?»

«እሷም ሁለት ናት።»

ወንበሯ ወደቀች። ፕሮፌሰሩ አሪፋ የሰጠችውን ካርቶን ጭቃው ላይ አንጥፎ፣ ክራባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የስልኩን መብራት አብርቶ መኪናዋ ሥር ገባ። ከውጭ ጫማዎቹ ብቻ ይታያሉ። አንድ የታክሲ ረዳት «ዊንጌት! ዊንጌት!» ማለቱን አቁሞ ቆሞ አየ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ግንባሩ ላይ ግራሶ ለጥፎ ወጣ።

«ምንም የለም!» አለ። «የብየዳ መስመር የለም! ሻንሲው ንጹሕ ነው!»

«አዎ» አሉ ጋሽ ዱጉማ። «ጎበዝ ነው የሠራው።»

«ታዲያ ማስረጃው የታለ?»

«ከሰማንያ ስታልፍ ወደ ግራ ትስብሃለች።»

ፕሮፌሰሩ ዞሮ መኪናዋን አየ። ከአዲሱ ገበያ የሚወጣ የጭነት መኪና አለፈ።

«እኔ» አለ በመጨረሻ፣ «መንገዱ ነበር የሚመስለኝ።»

«ሁሉም መንገድ?» አለ ዶክተር ያዕቆብ፣ ያልተጠየቀውን።

ፕሮፌሰር እንድርያስ ወንበሯን አንሥቶ ቀስ ብሎ ተቀመጠባት። ቅጹን ከቦርሳው አወጣ፤ ጉልበቱ ላይ አድርጎም ጻፈ። እኔ ጀርባው ላይ ቆሜ በግራሶ ጣቶቹ መካከል አነበብኩት፦ ቁጥር 41፦ ሁለት። ዋናው ዐረፍተ ነገር ይለወጥ። ሰኔ 2 ለዲፌንስ ትቅረብ።

አልተሰረዝኩም። ለምን እንዳልተሰረዝኩ ግን ማንም አልነገረኝም።

«ምን ብዬ ልለውጠው ፕሮፌሰር?»

«‹ሳይጋጭም የሚግል አለ› የሚለውን አውጪው።» መኪናውን እያየ ነበር የሚናገረው። «‹ተጋጭቶም የማያስታውቅ አለ› በይ።»

«ማስረጃው ምን ይባላል?»

«ሁለተኛ ዓይን» አለ፤ ፈረመ።

ፎቶውን አውጥቼ እንደገና አየሁት። አጋደምኩት፤ ገለበጥኩት፤ ነጩን ጀርባውንም አየሁ። ክብ ነው። እንደ ዳቦ ክብ። አንድ ነው፤ እምላለሁ አንድ ነው።

ዶክተር ያዕቆብ ታክሲ እንደሚሻለው ተናግሮ ቀድሞ ሄደ። ፕሮፌሰሩ የመኪናውን በር እጀታ ያዘ፤ አልከፈተውም። ትንሽ ቆሞ ተመለሰ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አቶ ዱጉማ፣ አሁን እንደ ፈታኝ አይደለም የምጠይቅዎት። ለራሴ ነው። አልጽፈውም፤ ለማንም አልናገረውም። እንዴት አወቁ?»

ጋሽ ዱጉማ አረንጓዴዋን ወንበር አንሥተው ጥጓ ላይ መለሷት። ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞሩት። መዶሻቸውን አነሡ።

«አላብራራም» አሉ።